የዓርብ ምሳ በኤክስና በዋይ

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ቀድሞ ይዋረዳል። ትስቃለህ? እሺ፣ የኔን ስማና ሳቅ።

ጁባ የመጣሁት የሒሳብ መምህርነቴን ትቼ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ ዕቃ ግምጃ ቤት ልጠብቅ ነው። ሂሩትን የማገባው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ፣ ኢንጂነሩ፣ እሺ ካሉ ብቻ ነው። እናም ምሳ ጋበዝኳቸው።

ኪሴ ውስጥ ስድሳ ፓውንድ አለ። ካቶር ያለው የእትዬ አልማዝ ምግብ ቤት ሜኑ ላይ ዋጋ አይጻፍም፤ ዶላር በጨመረ ቁጥር ማን ሲሰርዝ ይኖራል? እንግዳ ፊት ዋጋ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። "ቀድመህ ሄደህ አትጠይቅም ነበር?" ትለኝ ይሆናል። ለብልህ አይነግሩም፣ ወዳጄ! ያለፉትን ሁለት ምሳዎቼን አስታወስኩ። አንድ ሽሮና አንድ ለስላሳ ሃያ አምስት፤ ሁለት ሽሮና ሦስት ለስላሳ ሃምሳ አምስት። ሽሮን ኤክስ፣ ለስላሳን ዋይ ብዬ ሁለቱን ኢኩዌሽን አባዛሁ፣ ቀነስኩ... ለስላሳ አምስት፣ ሽሮ ሃያ። ለሁለት ሰው ሃምሳ፤ የቀረችው አሥር ለቦዳ ቦዳ ሞተር፣ ጉዴሌ ቤቴ ድረስ። ቀኑንም ሆን ብዬ ዓርብ አደረግሁት። ሂሩት ዓርብን ስለምትጾም ወንድሟም ከሽሮ አያልፉም ብዬ ነው።

ዓርብ ደረሰ። ወንበሬን ደገፍ ብዬ "የፈለጉትን ይዘዙ ኢንጂነር" አልኩ።

"ክትፎ አላችሁ?" አሉ አስተናጋጇን።

"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው..." አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ።

"እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ቆየሁ፤ ዓርብ ከማክሰኞ አይለይብኝም። አንተ ጹም፣ መምህር።"

ጾምኩ። ያላሰላሁት ዜድ፣ ክትፎው፣ በቅቤ ርሶ ፊቴ ተቀምጧል፣ እኔ ሽሮዬን እገፋለሁ።

ሒሳቡ ሰማንያ መጣ። ኢንጂነሩ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ፣ ወግ ነውና ያዝኳቸው። "እኔ እያለሁ? በፍጹም!" ትንሽ ይታገሉኛል ብዬ ነበር። "እንግዲህ ካልክ..." ብለው ተነሡ። በመኪናቸው ሊያደርሱኝ ቢሉም "እዚሁ ሰፈር ጉዳይ አለኝ" ብዬ ሸኘኋቸውና፣ ስድሳውን ከፍዬ ለቀረው ሃያ ስልኬን እትዬ አልማዝ ዘንድ አስያዝኩ።

ከዚያ በእግሬ ወደ ጉዴሌ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ባለ ቦዳ ቦዳ አጠገቤ ቀስ ሲል "ጉሩሽ ማፊ" አልኩት፤ ገንዘብ የለኝም ማለት በጁባ ዓረብኛ እንዲህ አጭር ነው። ፊቱን አዙሮ ሄደ። ቀጥሎ አንድ ፒክአፕ ቆመ። ኢንጂነሩ ናቸው፤ በመስኮት ስልኬን ዘረጉልኝ።

"ለግብዣው ላመሰግንህ ብደውል እትዬ አልማዝ አነሱት" አሉ። ጫማዬን አዩት፤ ጭቃ እንጂ ጫማ አይታይም። "ክትፎው ስንት ነው ብለህ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?"

አፈርኩ። ሂሩትን በሃያ ፓውንድ አጣኋት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ግባ" አሉኝ በሩን ከፍተው። "ስልኩን አስይዞ እንግዳ የሚያበላ ሰው እህቴን አያስርባትም። ሽማግሌ ላክ። የሠርጉን ሒሳብ ግን ሌላ ሰው ይሥራ።"