የግራው ስፒከር

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ ሙቀቱን ፈርታ በሯን በምትዘጋበት ሰዓት፣ ጋደም ብዬ ሳለሁ ቤታችን ተገልብጦ በሕልሜ አየሁት። የቀን ሕልም አይፈታም ይላሉ። እኔም እንዲፈታልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። እንዳልረሳው ብዬ ነው።

የባለቤቴ የሲራክ ሁለቱ ስፒከሮች ለቅሶ ተቀምጠዋል። ቁመታቸው እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ቡናማ እንጨት የለበሱ፣ መሬት ላይ የሚቆሙ ትልልቅ ሳጥኖች ናቸው። በሕልሜ ግን ሳሎን ውስጥ ለሐዘንተኛ የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የቆምኩት እኔ ነኝ። የግራው ስፒከር ሁልጊዜ በሚቆምበት በመስኮቱ ጥግ፣ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ፊቴን ትንሽ ሲራክ ሙዚቃ ይሰማበት ወደነበረው መሃል ወንበር አዙሬ ቆሜያለሁ። ሲራክ ሳጥኖቹ እንዳይንቀጠቀጡ ብሎ እግራቸው ስር ያስገባቸው ሳንቲሞች አሁን የኔ ተረከዝ ስር ናቸው። አናቴ ላይ የራሴ ዳንቴል ተነጥፏል፤ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ያለበት ማስቀመጫ ተቀምጧል። ሲራክ በሕይወት ሳለ ዳንቴሉን ሲያይ «ለሳጥን ቀሚስ ታለብሻለሽ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁን እኔ ለብሼው አንገቴን ማንቀሳቀስ ፈራሁ።

«ማነው እዚህ ያቆመኝ?» አልኩ።

«ዝም በይ፣ ሰው እየመጣ ነው» አለ የቀኙ ስፒከር።

ለቀስተኞቹ ገቡ። ፍሪጁ ከፊት፣ ካውያው ከኋላ፣ የጎረቤቴ የፈትያ የልብስ ስፌት መኪና ደግሞ እያነከሰች። ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ስፒከሮቹን «እግዜር ያጥናችሁ» አሏቸው።

«አሜን፣ እናንተንም ክፉ አይንካችሁ» አለ የቀኙ።

የግራውን ግን አሳለው። ኮሽ፣ ኮሽ።

«ምነው፣ ጉንፋን ነው እንዴ?» አለችው የስፌት መኪናዋ።

«አቧራ ነው» አለ የቀኙ ፈጠን ብሎ። እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ያኔ ጠረጠርኩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዓመት ሊሞላው ነው ቤታችን ከገባ። ሙዚቃው ወፍራም ድምፅ በጣለ ቁጥር የግራው ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል። ሲራክን ስጠይቀው «ብሎን ነው፣ የላላ ብሎን» ይለኝ ነበር። «ታዲያ ለምን አታጠብቀውም?» ስለው፣ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ክብ ቀዳዳ በመዳፉ ይሸፍናል። «የሚተነፍስበት ነው፣ ብቻ አንቺ አትንኪው» ይላል። ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው አንዲት ብሎን አቃተችው!

«እስቲ ይቺን ክፈቷት፣ ለቅሶ እንስማ» አለ ፍሪጁ እኔን እያየ።

የቀኙ ስፒከር ተነስቶ ጆሮዬን እንደ ቁልፍ አዞረው። አፌ ሲከፈት ዋይታ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። የወጣው ግን የእትዬ አልጋነሽ ድምፅ ነው።

«መድኃኒቱን በየቀኑ ትሰጪው ነበር?»

እትዬ አልጋነሽ የሲራክ ታላቅ እህት ናቸው። ለአርባው ከናዝሬት ከመጡ ሦስት ቀናቸው ነው። ሲራክ የሞተው መሃል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን ኽሽ ኽሽ ሲል ደረስኩበት። የልብ መድኃኒት በሐኪም ከታዘዘለት ዓመት ሆኖት ነበር። እትዬ አልጋነሽ በመጡ ዕለት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለኝም። ብቻ ለሰው ውሃ ስሰጥ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አይቶ ነው የሚጠጣው።

«መድኃኒቱን በየቀኑ ትሰጪው ነበር?» አለ አፌ ደግሞ።

«ጥራቷ ጥሩ ነው» አለ ካውያው።

«ወፍራሙ ድምፅ ይጎድላታል» አለ ፍሪጁ።

እኔ «ሰጥቻለሁ! በየጠዋቱ፣ በእጄ!» ልል ታገልኩ። አፌ ግን የኔ አልነበረም፤ በገመድ የሚመጣለትን ብቻ ነው የሚያሰማው።

«ገመዷን ንቀሉላት» አለ የግራው። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። ለምን እንዳዘነልኝ አልገባኝም፤ ይህም አላማረኝም።

ገመዱ ከጀርባዬ ሲነቀል እግሬ ተፈታ። አበባውን አናቴ ላይ እንደተሸከምኩ ወጣሁ። ከዚራ መንገድ ላይ ዛፎቹ በሰዎች ጥላ ስር ተቀምጠው ያርፋሉ። ሰዎች ባጃጅ ተሸክመው «ሳቢያን! አንድ ባጃጅ የቀረው ሳቢያን!» እያሉ ይጣራሉ። አንዱ ባጃጅ ትከሻ ላይ ሆኖ «አቦ ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ!» ብሎ ተሸካሚውን ይቆጣል። ማንም አናቴ ላይ ያለውን አበባ አላየም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

ጤና ጣቢያ ገባሁ። ወረፋ የያዙት ክኒኖች ናቸው። ነጫጭ፣ ድቡልቡል፣ ካርዳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። አንዲት ወፍራም ክኒን ጋውን ለብሳ ትጣራለች።

«ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው፣ ከምግብ በኋላ!»

የተጠራው ክኒን ይገባል፣ አንድ ሰው ይሰጠዋል፣ በብርጭቆ ውሃ ይውጠዋል፣ አመስግኖ ይወጣል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሲራክ ስለሚባል ሰው ልጠይቅሽ ነው» አልኳት።

መዝገቧን ገለጠች። «አዎ፣ ታዞልን ነበር። መጀመሪያ ሁለት ወር በደንብ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልደረሰንም።»

«በየጠዋቱ በእጄ ልኬላችኋለሁ እኮ!»

«መላኩንማ ልከሽ ይሆናል። መንገድ ላይ ማን እንዳስቀረው ግን ስፒከሩን ጠይቂ።»

«የትኛውን?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ! የሚያስለውን ነዋ።»

በሩን ስከፍት ባቡር ጣቢያ ነበርኩ። ባቡሩ ቆሟል፤ ጣቢያው ነው የሚሄደው። ተንደርድሬ ተሳፈርኩ። ፉርጎው ውስጥ ወንበሮቹን ሁሉ ስፒከሮች ይዘዋቸዋል፤ ሰዎች ቆመዋል። ይህን ሳይ በሕልሜም አልገረመኝም። ሲራክ በወጣትነቱ እነዚህን ሁለት ሳጥኖች ከጅቡቲ ሲያመጣ ለየራሳቸው ወንበር ቆርጦላቸው፣ እሱ እስከ ድሬዳዋ ቆሞ ነው የመጣው። ተቆጣጣሪው «አንተስ ለምን አትቀመጥም?» ሲለው «እነሱ ደክሟቸዋል» አለው። ይህን ታሪክ በሰርጋችን ዕለት ነገረኝ፤ እኔም ያን ዕለት ማንን እንዳገባሁ ገባኝ።

ፉርጎው ፍርድ ቤት ሆነ። ዳኛው የሳሎናችን የጣሪያ ቬንትሌተር ነው። እሱ ይቆማል፣ ፉርጎው ይዞራል። ከሳሿ እትዬ አልጋነሽ ናቸው፤ ሰባት ዓመታቸው ነው። የወተት ጥርሳቸው ወልቆ፣ «ስ» ባሉ ቁጥር ያፏጫሉ። እኔ ግን አንቱ ማለቴን አልተውኩም።

«ክሱ ይሰማ» አለ ቬንትሌተሩ።

«ወንድሜን ሲራክን መድኃኒት ነስታ ገደለችው!» አሉ እትዬ አልጋነሽ እያፏጩ።

«ኧረ እትዬ፣ ምን ይላሉ! በየጠዋቱ፣ ቁርሱን ከበላ በኋላ፣ በእጄ ነው የምሰጠው!»

«ሲውጥ አይተሻል?»

 ክኒኗን ከእጄ ይቀበላል፣ አፉ ውስጥ ይጥላል፣ ውሃውን ይጎነጫል፣ ጉንጬን መታ መታ ያደርገኛል። ከዚያ «ሸክላውን ልገልብጠው» ብሎ ይነሳና ከግራው ስፒከር ኋላ ጎንበስ ይላል። ማጫወቻው ያለው ግን ከሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። ይህን ስንት ጠዋት አይቻለሁ?

«ጀርባውን አይቻለሁ» አልኩ።

ፉርጎው ሙሉ ሳቀ። ስፒከሮች ሲስቁ ከቀኝና ከግራ ነው፤ ሳቁ አናቴ መሃል ላይ ይገናኛል።

«ምስክር ይግባ!»

አንዲት ቢምቢ በርራ መጥታ ዳኛው ክንፍ ላይ አረፈች።

«ሥራሽ?»

«ጆሮ ውስጥ መዝፈን።»

«አድራሻ?»

«የሲራክ ግራ ጆሮ። ድሮ።»

ድምጿን አላውቀውም፤ ወሬዋን ግን አውቃለሁ። ሲራክ መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን «ዘርፌ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቢምቢ ገብታለች» አለኝ። ቀን ከሌት ትጮኻለች። ሸክላ ያስቀምጣል፣ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ያስጠጋል፣ ያጠፋል። «ክራሩን ከቢምቢዋ መለየት አቃተኝ» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ለሐኪሙ ንገረው ስለው «የልብ ሐኪም ስለ ጆሮ ምን ያውቃል» አለኝ። ሁለት ወር ሆነ። አንድ ጠዋት ድንገት «ወጣች! ዘርፌ፣ ወጣች!» ብሎ ወገቤን ይዞ አሽከረከረኝ። ስለቴ ሰመረ ብዬ ለቁልቢው ገብርኤል ጃንጥላ አስገባሁ።

«ከቤትሽ ማን አስወጣሽ?» አለ ቬንትሌተሩ።

ቢምቢዋ ወደ ግራው ስፒከር ዞረች። «ቤቱን የሠሩልኝ ነጫጮቹ ነበሩ። እሱ አንድ በአንድ ዋጣቸው። ከዚያ ጣሪያው ፈረሰብኝ።»

«ውሸት ነው!» አለ የቀኙ።

«ወንድምህ ራሱ ይናገር» አለ ዳኛው።

የግራው ስፒከር ተነሳ። ፀሐይ የመታው ጎኑ ከወንድሙ ይልቅ ነጣ ብሏል። «እኔ አፍ ነኝ እንጂ ሆድ አይደለሁም» አለ።

«እንግዲያው ጀርባህን አሳየን።»

ዞረ። ቀዳዳው እንደ ዓይን አየኝ።

«ሥራዬ የሰጡኝን ሁሉ ማሰማት ነው» አለ በጀርባው። «አርባ ዓመት ሲራክ የሰጠኝን አሰምቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ‹ይሄን ያዝልኝ› አለኝ። ያዝኩለት።»

እትዬ አልጋነሽ በሰባት ዓመት እጃቸው ገፉኝ። «ሂጂና ስሚ!»

ሄድኩ። አበባው እንዳይወድቅ ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩና ጆሮዬን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከሳጥኑ ሆድ ውስጥ፣ የሲራክ ድምፅ መጣ።

«ዘርፌ፣ ቀንሺው።»

በኖርንበት ዘመን ሁሉ ቀንሰው የምለው እኔ ነበርኩ። እሱ ጨምሪው እንጂ ቀንሺው ብሎ አያውቅም።

«ምኑን?» አልኩ። «ሲራክ፣ ምኑን ነው የምቀንሰው?»

ማስቀመጫው ከአናቴ ተንሸራተተ። ኮሽ።

ነቃሁ። ኮሽታው ግን አልቆመም። ከሳሎን ነው የሚመጣው። በባዶ እግሬ ወጣሁ። እትዬ አልጋነሽ፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው የግራውን ስፒከር አቅፈው ይታገላሉ። ዳንቴሉና አበባው ወለሉ ላይ ወድቀዋል።

«ለአርባው ሰው የት ይቀመጥ ብዬ ነው፤ ይሄ ጥግ ሦስት ሰው ይይዛል» አሉ እያለከለኩ። «ምን ጠቅጥቃችሁበታል? ሆዱ ይንኮሻኮሻል እኮ!»

አዘነበሉት። ከጀርባው ቀዳዳ አንዲት ነጭ ክኒን ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ እንደ ቆሎ ፈሰሱ። ምራቅ ነክቷቸው የደረቁ፣ ሁለት ሦስት ሆነው የተጣበቁ ነበሩ።

እትዬ አልጋነሽ ስፒከሩን ቀስ ብለው አቆሙት። ክኒኖቹን አዩ። እኔን አዩ። እኔ አንድ ቃል ጠበቅሁ፤ ለፈትያ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለብርጭቆው የሚሆን አንድ ቃል።

ሄደው የሳሎኑን በር ዘጉ። ተመልሰው ተንበረከኩና ክኒኖቹን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ቀዳዳው ይመልሱ ጀመር። 

«እትዬ…»

«ራሱን ነው የገደለው ይሉታል» አሉ በሹክሹክታ። «ከአርባው በፊት! ቄሱ ፊት! ብሎን ነው። ማንም ቢጠይቅሽ ብሎን ነው በዪ።»

አንዷ ክኒን እግሬ ስር መጥታ ቆማለች። አነሳኋት። ቀላል ነበረች። ለእሳቸው ልሰጥ እጄን ስዘረጋ ፈትያ ከግቢ ተጣራች።

«ዘርፌ! ምንድነው እዚያ የሚንኮሻኮሸው?»

«ብሎን ነው!» አልናት አብረን፤ እሳቸው ከቀኝ፣ እኔ ከግራ።