አጣሪ ኮሚቴ የመጣ ዕለት

ትዳርን የሚያናጋው ድህነት ነው የሚሉ ሰዎች፣ ባልና ሚስት ሆነው በጠባብ በር አልጋ አውጥተው አያውቁም! እኔና ባለቤቴ እንድሪስ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ይኸው ነው። ትኋን አስቸግሮን አልጋውን ፀሐይ ልናስመታው ተሸከምነው። እሱ "በግርጌው በኩል ይውጣ" አለ፤ እኔ "በራስጌው ነው እንጂ" አልሁ። አልጋው በሩ መሀል ተቀርቅሮ፣ እሱ ውጭ እኔ ውስጥ ሆነን ስንካሰስ፣ ልጃችን ከድጃ ከጥግ ሆና "አባየ፣ አጋድሉትና ይወጣል!" አለች። አጋደልነው፤ ወጣ። ከድጃ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም። እኛ ግን አራት ዓይን ይዘን በር ላይ ቆመን ነበር።

በሳምንቱ እንድሪስ ታመመ። አልተነሣም...

ይህን በዚሁ ልለፈው። እኔ ስጽፍ ቀስ እላለሁና፣ እዚህ ላይ ከቆምሁ ወጉ ሳያልቅ ሳምንቱ ያልቃል።

እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው ሲቆም የቤቱ ነገር ሁሉ አብሮ ቆመ። እኔ ቆሎ እየቆላሁ መናኸሪያ ለመንገደኛ እሸጣለሁ፤ ቆሎ ደግሞ አፍ ይሞላል እንጂ ቤት አይሞላም። የእንድሪስ ወንድም ከአቀስታ መጣና "ከድጃን ልውሰዳት፤ እኔ ዘንድ ገብስ አለ፣ ወተት አለ፣ አትራብም" አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ የተናገረውም እውነት ነው። ከድጃ ግን እዚህ መካነ ሰላም፣ ብሬል የሚሉትን በጣት የሚነበብ ጽሑፍ የሚያስተምሩበት ክፍል ገብታለች። እሱ ቀበሌ ውስጥ ይህ የለም። "እስከ አጨዳ ታገሠኝ" አልሁት።

መንግሥት ማየት ለተሳናቸው ልጆች ቤተሰቦች የገንዘብ ድጋፍ ሊሰጥ ነው ሲባል የሰማሁት በዚህ መሀል ነው። አመለከትሁ። ድጋፉ ከተገኘ ከድጃ እኔ ዘንድ ትቀራለች፤ ካልተገኘ ወደ አቀስታ ትሄዳለች። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስትስቁ ይህችን እያሰባችሁ ሳቁ።

"ነገ ጠዋት አጣሪ ኮሚቴ ቤትሽን ሊያይ ይመጣል" ተባልሁ።

ፍቅርና ሳል አይደበቅም ይባላል። ድህነት ግን እኛ ሰፈር በደንብ ይደበቃል! እንግዳ መጣ ከተባለ ችግራችንን ጠቅልለን አልጋ ሥር እንከተዋለን። ጎረቤቴ እታለም ዘይነባ ወሬውን እንደሰማች በማለዳ ከተፍ አለች።

"ፋጤ! በዚህ ቤት ነው የመንግሥት እንግዳ የምትቀበይ?"

"ምን ላድርግ እታለም? ያለኝ ይኸው ነው።"

"አብሽሪ! እኛ ሞተናል እንዴ?"

የእታለም ዘይነባ ልጆች ሪያድ ናቸው። ቤቷን ብታዩት ግማሹ ሪያድ ነው። መጀመሪያ ከድጃን፣ የእህቷ ልጅ ፀጉሯን እንድትሠራት ወደ ራሷ ቤት ላከቻት። ቀጥላ ምንጣፍ አመጣች። ከዚያ ነብር ያለበት ብርድ ልብስ አመጣች፤ አልጋየ ላይ ስትዘረጋው ነብሩ በሩ ላይ አፈጠጠ። ድመቴ ከዚያ ወዲህ በመስኮት ነው የምትገባው! በመጨረሻ ቴሌቪዥን ታቅፋ መጣች።

"ኸረ እታለም፣ መብራቱ እኮ ተቆርጦብኛል!"

"ማን አብሪው አለሽ? እንዲታይ ነው!"

"ሳይበራ ምኑ ይታያል?"

"እሱ ራሱ!"

ከታች በኩል ያሉት ጎረቤታችን ጋሽ አረጋ ደግሞ፣ ለልጃቸው ሠርግ የገዙትን ሶፋ አሸክመው ከች አሉ። "እንድሪስ ሱሪየን ስንቴ ጥፎልኛል! የእሱ ቤት እንግዳ በርጩማ ላይ አይቀመጥም!" ብለው ሶፋውን ራሳቸው አስቀመጡት። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ሃምሳውም ሎሚ እኔ ቤት ገባ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ቤቱን ሳየው የሰው ቤት መስሎኝ ጫማየን አውልቄ ገባሁ።

ኮሚቴው ሁለት ሰው ነው፤ ሸምገል ያሉ ሰብሳቢና አብራቸው የምትጽፍ ሴት። ሰብሳቢው ደጃፉ ላይ ምንጣፉን አዩና ጫማቸውን አወለቁ። አውራ ጣታቸው በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ ሰላም አለን! ከአጣሪውና ከተጣሪው ድጋፍ የሚያሻው ማን እንደሆነ ለእኔም ግራ ገባኝ።

"የምንፈልገው የወይዘሮ ፋጡማን ቤት ነበር" አሉ።

"ይኸው ነው፤ ግቡ።"

"ባለቤታቸው ያረፉባቸው..."

"እኔው ነኝ።"

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን አዩ። ነብሩን አዩ። ነብሩም አያቸው።

"መተዳደሪያዎት ምንድን ነው?"

"ቆሎ እሸጣለሁ።"

"ቆሎ እንዲህ ያተርፋል?"

ሴትየዋ ብዕሯን ነክሳ አቀረቀረች። እውነቱን እንዳልናገር፣ እታለም ዘይነባና ጋሽ አረጋ በመስኮት በኩል ቆመው ይሰማሉ። እዚያው "የተውሶ ነው" ብል ሁለቱንም ማዋረድ መሰለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

ደግሞ በእኛ አገር እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ጉዳይ አይወራም። "ከድጃ!" ብየ ተጣራሁ። ፀጉሯን ተሠርታ እንደተመለሰች፣ በአንድ እጇ ሳፋ በሌላው ማንቆርቆሪያ ይዛ በደጅ በኩል ገባች። እግሯ ምንጣፉን ሲረግጥ ግር አላት፤ ግን እንግዳ ፊት አትጠይቅም። ማስታጠብ ያስተማራት አባቷ ነው። ውኃው እጅ ላይ ሲያርፍና ሳፋው ላይ ሲወርድ ድምፁ የተለያየ ነው፤ እሷ በዚያ ነው የምታውቀው። አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ሁለቱንም አስታጠበቻቸው። "እደጊ፣ ተባረኪ" ብለው መረቋት። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ።

"ወይዘሮ ፋጡማ፣ አታይም የተባለችውስ ልጅ የት ናት?"

"ይህችው ናት።"

"ይህችማ በመነጽር ከማየው ከእኔ ትሻላለች!"

ያ አላህ! በአንድ ጠዋት ሀብታምም ሆንሁ፣ ልጄም ዓይኗ በራ። ተአምር ሲያንሰን ነው! ከድጃን የሚወስዳት የአቀስታው መኪና ከወዲሁ ሲያጓራ ተሰማኝ።

ከድጃ ሳፋውን ይዛ ወደ ጓዳ ዞረች። ቤቷን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ በዚያ መንገድ ላይ ምንም ነገር ኖሮ አያውቅም። አሁን ግን የጋሽ አረጋ ሶፋ ጫፉን አውጥቶ መንገዱን ዘግቶታል። ጉልበቷ ተጋጨ። እጣቢው በሙሉ ሰብሳቢው ጭን ላይ አረፈ!

"ይቅርታ ጋሼ!" አለች ከድጃ ደንግጣ። "ይህ ሶፋ ጠዋት እዚህ አልነበረም!"

መልሱ በመስኮት መጣ።

"ኸረ ምንጣፌን!" አለች እታለም ዘይነባ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ። "ልጄ ከሪያድ የላከችው ነው! ጥረጉት!"

"ምንጣፍስ ይታጠባል፤ ሶፋው ሙሽራ ያልተቀመጠበት ነው!" አሉ ጋሽ አረጋ ከኋላዋ።

ሰብሳቢው ሱሪያቸው እየተንጠባጠበ ተነሡ። "ቴሌቪዥኑስ የማን ነው?"

"የእኔው ነው" አለች እታለም ዘይነባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አይሠራም።"

ሴትየዋ ከዚያ በላይ መቻል አቃታት። ሳቋን ለቀቀችው። ሰብሳቢው ግን ሊቆጡ ፈለጉ።

"ወይዘሮ ፋጡማ! እኛ እኮ የመጣነው ማጣትዎን ልናይ ነው!"

"ማጣት እንዴት ለእንግዳ ይቀርባል?" አልሁ።

ሰብሳቢው እኔን አዩ። ከዚያ ከድጃን አዩ፤ ጉልበቷን እያሻሸች በሌላው እጇ የወደቀውን ማንቆርቆሪያ ትዳስሳለች፣ እሱ ግን እግሯ ሥር ነው። ጎንበስ ብለው አንሥተው ሰጧት። "ዓርብ ተመልሰን እንመጣለን" አሉ። "ዕቃው ወደየባለቤቱ ይሂድ። ምንም እንዳታቀርቡ!"

ዓርብ ሳይነጋ እታለም ዘይነባ መጣች። "ፋጤ፣ አሁን ደግሞ የራስሽንም እንሸሽገው! አልጋውን ወደ እኔ፣ ሳጥኑን ወደ ጋሽ አረጋ..."

"ኸረ እታለም! ሲያጌጡ ይመላለጡ አልበቃንም?"

ኮሚቴው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ምንም አታቅርቡ ያሉት ሰብሳቢ ቆሎየን ጨረሱት። የጎደለኝን ጠየቁኝ፤ አንድም ሳልደብቅ ተናገርሁ። ሴትየዋ "ሌላስ?" ስትለኝ የቆመውን የእንድሪስን የስፌት መኪና አየሁት። ሌላው የእነሱ ሥራ አይደለም።

ድጋፉ ተፈቀደልን። ብዙ አይደለም፤ የማይሠራ ቴሌቪዥን እንኳ አይገዛም። የብሬል ወረቀት ግን ይገዛል፤ ቀለብም ይደጉማል። ከአጨዳ በኋላ የእንድሪስ ወንድም መጣ፤ አንድ ጆንያ ገብስ አራግፎ ብቻውን ተመለሰ።

ከድጃ የተበላሹባትን ወረቀቶች ለእኔ ትሰጠኛለች። "እማየ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ እያጭበረበርሽ ነው!" ትለኛለች። አሁን ከሰዓት ከሰዓት፣ ቆሎው ካለቀ በኋላ፣ ከልጄ ጋር ቁጭ ብየ በጣቴ ማንበብ እማራለሁ። ገና "ለ" ላይ ነኝ።