ምላይሊና የኮኮናቷ እባብ

ሁሉን አዋቂ ጎረቤት የሌለው ሰው ገና አልተወለደም። የእኛው ክቡር ምላይሊ ይባላል። ተራራችን እሳቱን ሊተፋ ቢያጉረመርም፣ ዓሣ ከባሕሩ ቢጠፋም ምክንያቱን የሚያውቀው እሱ ነው። «እኔ ነግሬያችሁ ነበር» ሳይል ምሳ አይበላም።

አፉ የሚዘጋው አደባባይ ላይ ብቻ ነው። በእኛ ኮሞሮስ ትልቁን ሰርግ ያልደገሰ ወንድ፣ ሽበት ቢወርሰው እንኳ ሽማግሌዎች ፊት አይናገርም። ምላይሊ በትንሽ ድግስ አገባ እንጂ ትልቁን አልደገሰም። እዚያ የታፈነውን ሁሉ በየደጃችን እየዞረ ያራግፈዋል።

ከሁሉ የሚወደው የእባቧን ወሬ ነው። ከእነዚህ ደሴቶች ሌላ አገር የላትም፤ ኮኮናት ዛፍ ላይ የምትኖር ቀጭን ፍጥረት ናት።

«ወላሂ፣ ከነከሰችህ ሰላምታ ሳትመልስ ትሞታለህ!» ይላል።

«እስቲ ማን ሞተ?» ስንለው፣ «የሞተ ሰው ይናገራል እንዴ?»

ወሬው ሥራውን ሠራ። እባቧ የመበለቷ የሞይናኤሻ ዛፍ ላይ ታየች፤ ሽማግሌዎቹም ልጆች እንዳይነደፉ ብለው ዛፉ ዓርብ ከስግደት በኋላ እንዲቆረጥ ወሰኑ። ሞይናኤሻ የምትኖረው ኮኮናቱን እየሸጠች ነው። ምላይሊ ደጃፍ ሄዳ አለቀሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛፌን በምላስህ ቆረጥከው እኮ!»

መሬት መሬት እያየ ወደ ቤቱ ገባ።

ዓርብ መጥረቢያው ተስሎ፣ ሰዉ አደባባይ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ምላይሊ ከች አለ። እባቧ እጁ ላይ ተጠምጥማለች።

«ጣላት አንተ!» አሉ አንዱ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው እየዘለሉ። «ገዳይ ናት አላልክም?»

አደባባይ ነውና መናገር አይችልም። ላቡ እየወረደ ጣቱን አስጠጋላት። ነከሰችው። ሁላችንም እስኪወድቅ ጠበቅን። አልወደቀም። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ሳቁ፣ አደባባዩም አብሮ ሳቀ፤ መጥረቢያውም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ስመለስ የምላይሊን ሚስት ዛይናባን በራቸው ላይ አገኘኋት።

«ባልሽ ተጫወተብን እኮ! ለካ እንደማትገድል ያውቅ ኖሯል።»

«የት ያውቅና!» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ጠዋት እግሬ ላይ ወድቆ፣ ይቅር በይኝ ብሎኝ ነው የወጣው።»

እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ትናንት ስለ ዝናብ አመጣጥ ሊያስረዳኝ መጣ። ሩዜ ቀዘቀዘ፤ እኔ ግን እስኪጨርስ ሰማሁት።