ክቡር አቶ ቆይ እና የማዶው ሜዳ

ለየቤተሰቡ አንድ «ቆይ» ባይ ተመድቦለታል። ሰው ሊሮጥ ሲል የሚያስቆም፣ ሊጎርስ ሲል እጅ የሚይዝ። ለእኛ የደረሱን የእህቴ ባል፣ ክቡር አቶ ቆይ ናቸው።

ሥራቸው ፈንጂ ማምከን ነው። ጦርነቱ ጥሎት የሄደውን ተንበርክከው፣ አፈሩን በቀጭን ዘንግ እየነካኩ ያወጣሉ። ችግሩ ሥራውን ቤት ድረስ ይዘውት መምጣታቸው ነው። ሶፋዬ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ትራሱን አንስተው ሥሩን ያያሉ። ልብስ ሰፊ ነኝና፣ አንድ ቀን ስፈልገው የከረምኩትን መቀስ እዚያ አገኙት፤ ቀኑን ሙሉ «አላልኩም?» ሲሉኝ ዋሉ። በሠርጋቸው ዕለት ፎቶ አንሺው «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ» ቢላቸው «ቆይ!» ብለው መሬቱን ሊያዩ ዞሩ። ግድግዳችን ላይ ያለው የእህቴ ፈገግታና የእሳቸው ጀርባ ነው።

እኔን ግን ነገራቸው ይገርመኝ ነበር። መሬትን እንዲህ ካላመኑት እንዴት ይራመዱበታል? ጠየቅኳቸው።

«አምነዋለሁ እንጂ» አሉ፤ «ካየሁት በኋላ።»

የእናቴ ቤት ፈንጂ ከተቀበረበት ሜዳ ማዶ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ እኔ ጋ ተቀምጣ ጣሪያውን በመስኮት ታያለች። ሜዳውን የሚያጸዳው የእሳቸው ቡድን ስለሆነ ባገኘቻቸው ቁጥር «የት ደረሳችሁ?» ትላለች።

«ቆዩ፣ እማማ።»

«ልጄ፣ እኔስ በቆየሁ፤ ዕድሜዬ ነው እንጂ የቸኮለው!»

ሜዳው ጸድቶ ለነዋሪው በሚረከብበት ዕለት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የቡድኑ ኃላፊ «ሜዳው ንጹሕ ነው» አለ፤ «አትለፉ» የሚሉት ቀያይ ችካሎች ተነቀሉ፤ አጨበጨብን። የተራመደ ግን የለም። «ይለፉ እንጂ!» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» ጨዋነታችን የዚያን ዕለት ለጉድ ነበር። እናቴም ጫፉ ላይ ቆማ ጫማዋን ታያለች።

አቶ ቆይ የደረት መከላከያቸውን አውልቀው አስታቀፉኝና ሮጡ። አዎ፣ ሮጡ! ሶፋ የሚፈትሹት ሰውዬ አንዴም ወደ መሬት ሳያዩ ሜዳውን አቋረጡ፤ ሲመለሱ መሐሉ ላይ ዘለሉ፣ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። እያለከለኩ ለእናቴ ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«ይሂዱ፣ እማማ። እያንዳንዷን ስንዝር በእጄ ዳብሻታለሁ።»

ክንዳቸውን ይዛ ገባች። እኛም ተከተልን። ማዶ ደርሳ በሯን ስትከፍት እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁንም ሊጠይቁኝ ሲመጡ «ቆይ» ብለው ትራሱን ያነሳሉ። እኔም ይመጣሉ በተባለ ቁጥር መቀሴን ቀድሜ ከሥሩ አስቀምጣለሁ።