ኮላው ሥርዓት የያዘበት ሁኔታ

የእንጨት ማጣበቂያ ኮላ የሚያመርተው ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ አርቆ አሳቢ መሆናቸውን የሚጠራጠር ካለ ቢሯቸውን ይመልከት። ሠራተኛውን በቅርብ ለመምራት ብለው ማምረቻው አዳራሽ መሃል አሠርተውታል። ኮላውን ከማብሰያው ወደ ማሸጊያው የሚወስደው ቧንቧም ለሥልጣን የሚገባውን ክብር ሰጥቶ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ቢሯቸውን ይዞራል።

ታዲያ ምርት በእጥፍ ይደግ ተባለና የፓምፑ ፍጥነት ተጨመረ። ኮላው መታጠፊያዎቹ ላይ ሲደርስ ይታመስ ጀመር። አንዱ ጠርሙስ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌላው አረፋ ብቻ ታቅፎ ይወጣል። ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲወቅጥ ከርሞ «ኮላው ፈጣን ዕድገትን በመቀበል ረገድ የአመለካከት ችግር ታይቶበታል» ሲል ደመደመ። ኮላን ማባረር ስለማይቻል፣ የፋብሪካው ቴክኒሻን በአሥር ቀን ካላረጋጋችው እንድትሰናበት ተወሰነ። ቴክኒሻኗ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ቁመቷ አጠር ያለ ሴት ናት።

«አለቃ፣ ኮላው ውስጥ እንደ ክር ረጃጅም ነገሮች አሉ» አለች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ። «ቀጥ ባለ ቧንቧ ዝም ብለው ይሄዳሉ። መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ሲገፉ ግን ይለጠጡና ፈሳሹን ያምሱታል።»

«ውሃ በዚሁ ቧንቧ ሲያልፍ ምንም አላለም እኮ።»

«ውሃ አይለጠጥም።»

«ታዲያ ከውሃ ለምን አይማርም?»

«ወይ ፍጥነቱን እንቀንስ፣ ወይ ቧንቧውን እናቅና።»

«ፍጥነቱ አንዴ ታውጇል። ቧንቧው በየት ይለፍ?»

ቴክኒሻኗ ሥራ አስኪያጁ የተቀመጡበትን ወንበር አየች።

«ቢሮዬ አይነሳም» አሉ። «ከፈለገ ኮላው እኔ ዘንድ ይግባ።»

ግድግዳው ተበሳ። ቧንቧው ከበሩ ገባ እንዳሉ፣ በሰው ግንባር ቁመት፣ ቢሮውን ሰንጥቆ አለፈ። ኮላው በዚያው ፍጥነት ጸጥ ብሎ ይፈስ ጀመር። ሥራ አስኪያጁም የፈጠራ ሽልማት ወሰዱ። የበለጠ ያስደሰታቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቢሯቸው የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ይላል።

«ዘንድሮ ሠራተኛው ትሕትና ጨምሯል» አሉኝ ረክተው።

በአሥረኛው ቀን ቴክኒሻኗን ሊያመሰግኗት አስጠሯት። እሷም በቧንቧው ሥር እንደ ቆመች፣ ቀና ብላ ገባች።

የስንብት ደብዳቤዋ ምክንያቱን «ለበላይ አካል ተገቢውን አክብሮት ባለማሳየቷ» ይላል። የተየብኩት እኔ ነኝ። ማፈሩን አፍሬያለሁ፤ ለማስፈረም ስገባ ግን እንደ ወጉ ጎንበስ አልኩ። ኮላው ከአናቴ በላይ ቀጥ ብሎ ሄደ።