በወይዘሮ ጃሚላ ግድግዳ በኩል ሊወጣ ስለታሰበው የጀልባ ዘንግ

የሐረማያ ሐይቅ የጀልባ ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው በወ/ሮ ጃሚላ ቤት፣ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ተካሄደ።

የተገኙ፦ አቶ ሀፊዝ፣ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ ርእሰ መምህር፤ አቶ ዑበይድ፣ የጀልባዋ ነጂ፤ ወ/ሮ ጃሚላ፣ በሟች ባለቤታቸው በአቶ አብዱልፈታ ምትክ፤ ወ/ሮ ዕፀገነት፣ ጸሐፊ። በባለሙያነት፣ ያለ ድምፅ፦ አቶ ጌታነህ፣ የሚኒባስ መካኒክ።

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት፣ በሞት ምክንያት። ምልዓተ ጉባኤው በሕይወት ባሉት ተሰልቶ መሟላቱ ተረጋግጧል።

ሰብሳቢው በመክፈቻ ንግግራቸው፣ ሐይቁ ሲደርቅ ጀልባዋ በጭነት መኪና ተጭና ወደዚህ ግቢ መግባቷን፣ አሁን ግን አልሐምዱሊላህ ውኃው መመለሱን፣ ሌሎች ጀልባዎች ሰው እያንሸራሸሩ የእኛዋ ግቢ ውስጥ መቀመጧ አሳፋሪ መሆኑን ገልጸዋል። ስብሰባው የተጠራው በአቶ ዑበይድ ጥያቄ መሆኑንም አመልክተዋል።

አጀንዳ 1፦ የዘንጉ ሁኔታ

አቶ ጌታነህ ሞተሩ እንደሚነሣ፣ ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘው ረጅሙ ዘንግ ግን ዝጎ ቱቦው ውስጥ እንደተያዘ አስረድተዋል። ዘንጉ ወጥቶ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት፤ የሚወጣውም ወደ ኋላ ተስቦ ብቻ ነው። በጀልባዋ ጅራትና በዚህ ክፍል ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ ሲሆን፣ ዘንጉ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

ሰብሳቢው ዘንጉ ታጥፎ ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። የአቶ ጌታነህን ፊት ካዩ በኋላ ጥያቄው እንዳይመዘገብ አሳስበዋል። ጀልባዋን ወደ ፊት መግፋት ይቻል እንደሆነም ተጠይቆ፣ ከፊቷ የውኃ ጉድጓዱ እንዳለ ወ/ሮ ጃሚላ አስታውሰዋል።

አቶ ጌታነህ በዚህ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እንዲከፈት ሐሳብ አቅርበው፣ ተነሥተው ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርገዋል። ምልክቱ ያረፈው ከአቶ አብዱልፈታ መቀመጫ በላይ ነው።

ወ/ሮ ጃሚላ፣ «አብዱልፈታ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ካረፈ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። አሁን ብረት ሊቀመጥበት ነው?» ብለዋል። ሰብሳቢው ብረቱ የሚያልፍ እንጂ የሚቀመጥ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ወ/ሮ ጃሚላ ግድግዳው ባለፈው ወር ኖራ የተቀባ መሆኑን፣ ሰብሳቢውም ኖራ ሁልጊዜ እንደሚገኝ ተናግረዋል፤ ወ/ሮ ጃሚላም እንግዲያው ቀዳዳው በሰብሳቢው ቤት ይከፈት ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቀዳዳው እንዲከፈት፣ ሥራው ሲያልቅ ተለስኖ ኖራ እንዲቀባ፣ ዘንጉ ሲሳብ ማንም ከቀዳዳው ፊት ለፊት እንዳይቀመጥ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለሚገባው ውኃ

ዘንጉ የጀልባዋን ሆድ በስቶ በሚወጣበት ቦታ፣ በግራሶ የተነከረ ገመድ እንደሚጠመጠም አቶ ዑበይድ ገልጸዋል። ገመዱ በጣም ከጠበቀ ዘንጉ ስለሚግል፣ ጀልባዋ ስትሄድ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ እንዲገባ ሆን ተብሎ ይተዋል።

ሰብሳቢው እያወቀ ውኃ የሚያስገባ ማኅበር መሳቂያ እንደሚሆን በመግለጽ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትገባ የሚከለክል የውሳኔ ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ጌታነህ ድምፅ ስለሌላቸው ጣሪያውን ተመልክተዋል። የውሳኔ ሐሳቡ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል። ተቃዋሚው አቶ ዑበይድ፣ «እሺ፤ ለውኃው ማን ይነግረዋል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አጀንዳ 3፦ እስካሁን ስለተደረገው እንክብካቤ

ጸሐፊዋ፣ አቶ ዑበይድ ሐይቁ ከደረቀ ጀምሮ በየዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እየመጡ ዘንጉን እንዳይዝግ በእጅ እንዲያዞሩት ተመድበው ሳለ፣ ዘንጉ እንዴት ሊያዝ እንደቻለ ጠይቃለች። አቶ ዑበይድ ካልታመሙ በቀር ቀርተው እንደማያውቁ ተናግረዋል። አቶ ጌታነህ፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ይህ ብረት ለብዙ ዓመት አልዞረም» ብለዋል።

በአቶ ዑበይድ ፈንታ ወ/ሮ ጃሚላ መልስ ሰጥተዋል። ዘንጉ ሲዞር ሲጢጥ ሲል ከጓዳ ይሰማቸው እንደነበር፣ አንድ ዓርብ ድምፁ እንደቀረ፣ ከዚያ በኋላም ተሰምቶ እንደማያውቅ አስረድተዋል።

ሰብሳቢው ይህን ለምን ለማኅበሩ እንዳላሳወቁ ጠይቀዋል።

«ብናገር ትሰበሰባላችሁ» ብለዋል ወ/ሮ ጃሚላ። «ተሰብስባችሁ ደግሞ የአቶ ዑበይድን መምጣት ታስቀሩታላችሁ።»

ሰብሳቢው አቶ ዑበይድን ዘንጉ የማይዞር ከሆነ ግቢው ውስጥ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቀዋል። አቶ ዑበይድ ጀልባዋ ጥላ ሥር እንደሚቀመጡ፣ ወ/ሮ ጃሚላም በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው እንደሚቀመጡ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሟቹ፣ አንዳንዴም ስለ ምንም እንደሚያወሩ ገልጸዋል።

ሰብሳቢው ነገሩን በመልካም ለመቋጨት፣ ዘንጉ ተጠግኖ ጀልባዋ ወደ ሐረማያ ስለምትሄድ አቶ ዑበይድ ከዓርብ ሥራቸው በምስጋና እንዲሰናበቱ ሐሳብ አቅርበዋል። ማንም ስላልተናገረ እንደጸደቀ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ጃሚላ ለግድግዳው የሰጡትን ፈቃድ መልሰው ወስደዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ግድግዳው የእሳቸው መሆኑን ተናግረዋል። አቶ ዑበይድ ሐሳቡን ደግፈዋል።

ሰብሳቢው፣ «ዑበይድ፣ ስብሰባ ጥሩልኝ ብለህ ቤቴ ድረስ የመጣኸው አንተ ነህ። ይህን ሁሉ ዓመት ውኃው ይመለስ እያልክ ዱዓ ስታደርግ አልነበረም?» ሲሉ ጠይቀዋል።

አቶ ዑበይድ፣ «ሳደርግ ነበር። ተመለሰም። ወላሂ ደስ ብሎኛል» ብለዋል። ቀጥለውም፣ «ሐይቁ ያለ እኔም ይሞላል» ብለዋል።

አቶ ጌታነህ በሕይወታቸው ጀልባ ጠግነው እንደማያውቁ፣ ይህችን ለመንካት ጓጉተው እንደነበር ገልጸዋል። ማኅበሩ ሐዘኑን ገልጾላቸዋል።

በመጨረሻም በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ የሚከተለው ተወስኗል፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ግድግዳው አይነካም። ውኃ እንዳይገባ የተላለፈው ክልከላ ተነሥቷል። አቶ ዑበይድ ዘንጉን በየዓርቡ የማዞር ሥራቸውን፣ ዘንጉ ባይዞርም፣ ይቀጥላሉ።

ስብሰባው ከመግሪብ ሶላት ጥቂት ቀደም ብሎ ተበትኗል። አቶ ዑበይድና ወ/ሮ ጃሚላ ጀልባዋን ለማየት ወጥተዋል። ፊርማቸው ሲመለሱ ይሞላል።