ጋሼና አራቱ ዲስኮች

[ሟቹ አባት ያርፍባት የነበረች የጀርባ ክፍል። ካፖርቱ ዛሬም ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አለ፤ ያነሣው የለም። ጠረጴዛው ላይ ጎኑ የተከፈተ ኮምፒውተርና አራት ሃርድ ዲስኮች። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የአንድ የቤተሰብ ሰው ስም በፕላስተር ተለጥፏል። ጋሼ ጡረታ የወጣ ታላቅ ወንድም ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ይፈልጋል። እታለም ታናሽ እህቱ ናት፤ ታናሽ ትባል እንጂ እሷም የልጅ ልጅ አይታለች። እናታቸው ከግድግዳው ወዲያ አልጋ ላይ ናት።]

እታለም፦ ስሜን ሳጥን ላይ ለምን እንደለጠፍክ ካልነገርከኝ ዛሬ ምሳ የለም ብዬሃለሁ!

ጋሼ፦ አንቺ ልጅ፣ ሳጥን አይደለም፣ ሃርድ ዲስክ ነው። ስምም አይደለም፣ ምልክት ነው።

እታለም፦ ምልክት ከሆነ የራስህን ስም አዲሱ ላይ፣ የእኔን አሮጌው ላይ ለምን ለጠፍከው? ሲነሣ ያቃስታል፣ ሲሠራ ይንኳኳል።

ጋሼ፦ እኔ ምን ላድርግ፣ ተመሳሰላችሁ።

እታለም፦ ተው እንጂ!

ጋሼ፦ ስሚ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳሽ። ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ሰው ሁሉን ነገር አንድ ዲስክ ላይ አያጉርም። ፈጣኑ፣ ያው “ጋሼ” የሚለው፣ ፕሮግራሙን ይይዛል፤ ማሽኑንም የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። “አባባ” የተቀረፀውን ፊልም እንዳለ ይይዛል። “እማማ” ደግሞ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ አምሮ ያለቀውን።

እታለም፦ እኔስ?

ጋሼ፦ አንቺማ በሥራ መሃል የሚረግፈውን ፍርፋሪ።

እታለም፦ አየህ! ድሮም በዚህ ቤት ፍርፋሪ የማነሣ እኔ ነበርኩ። እናንተ ደብተራችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ እኔ ከኋላችሁ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ።

ጋሼ፦ አሁን የድሮውን ምን አመጣው?

እታለም፦ እሺ፣ “እማማ” እስካሁን ምን ይዛለች?

ጋሼ፦ ምንም። ባዶ ናት።

እታለም፦ ዝናቡ ሳይገባ ጀምረህ፣ ዝናቡም ወጥቶ፣ አሁንም ባዶ?

ጋሼ፦ መሠረት እየጣልኩ ነዋ!

እታለም፦ የእማማ ዐይን እኮ መሠረትህን አይጠብቅም። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። “አባታችሁን አንዴ አሳዩኝና ከዚያ ወዲያ ይጨልም” ስትል አልሰማሃትም?

ጋሼ፦ ለእሷ ብዬ አይደል የምለፋው? ፎቶ አንሺው አማቻችን አባባን ቀርፆ የሰጠን ጥሬውን ነው። ገና ሲጀምር አባባ ካሜራውን እያየ “በሩን ዝጉት! የማንን ቤት ነው የምታበርዱት!” ብሎ ይጮሃል። ይሄ ሁሉ መቆረጥ አለበት።

እታለም፦ እሱን ከቆረጥከውማ ምኑን አባባ ሆነ? ሌላ ሰውዬ ነው የምታሳያት።

[ከግድግዳው ወዲያ ከዘራ ሁለት ጊዜ ይንኳኳል።]

ጋሼ፦ ምን ፈለገች?

እታለም፦ ምንም... ውሃ ይሆናል። ግን ጋሼ፣ ቀስ በል። ማን ቸኮለ?

ጋሼ፦ ቅድም ዘገየህ ስትይኝ አልነበር?

እታለም፦ እኔ? ኧረ ሥራ በዝግታ ነው የሚያምረው።

ጋሼ፦ ቀስ ብዬማ አረጀሁ! ኬብል ገዛሁ፣ ጠፋ። ካቻቢቴ አመጣሁ፣ እሱም ጠፋ። እዚህ ቤት ያለው አይጥ ምን ዓይነት ነው፣ ብረት ይበላል?

እታለም፦ ትልልቅ ናቸው።

ጋሼ፦ በይ አሁን ዝም ብለሽ እዪ። “እታለም”ን ፎርማት ላደርጋት ነው።

እታለም፦ ምን ልታደርገኝ?

ጋሼ፦ ባዶ ላደርግሽ። ዲስኩን ማለቴ ነው።

እታለም፦ ውስጡ ያለውን አይተሃል?

ጋሼ፦ “እታለም” ውስጥ ምን ይገኛል? ፍርፋሪ!

እታለም፦ እኔ ምልህ ጋሼ፣ ስሙ እኮ...

ጋሼ፦ ስሙ፣ ስሙ! አይሰለችሽም? እዪ፣ ባለሙያ እንዳይሳሳት ምን ያደርጋል? ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሰው “ጋሼ”ና ከሚጠፋው በቀር ሌሎቹን ይነቅላል። [ኬብል ይነቅላል።] “አባባ” ተነቀለ። “እማማ” ተነቀለች። እንግዲህ በየት በኩል እሳሳታለሁ?

እታለም፦ በስሙ በኩል...

ጋሼ፦ [ቁልፍ እየተጫነ] ይሄ ማሽን ደግሞ ቁርጥ አንቺን። “በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ?” ይለኛል። እርግጠኛ ነኝ። እንደገና ይጠይቀኛል! አዎ፣ አሁንም እርግጠኛ ነኝ። ይኸው፣ አለቀ። ጸጥ ብላ ስትሠራ አየሽ? አላቃሰተችም።

እታለም፦ ማቃሰቱንማ አባባ ወስዶታል።

ጋሼ፦ ምን አልሽ?

እታለም፦ ልነግርህ ስል አፌን ትይዘኛለህ። ትናንት አንተ ከሄድክ በኋላ ፕላስተሮቹን አቀያየርኳቸው።

[ጋሼ “አባባ” የሚለውን ዲስክ ይሰካል። ዲስኩ ያቃስታል፣ ይንኳኳል። ጋሼ መነጽሩን ከግንባሩ ያወርዳል፤ ስክሪኑ ላይ አፍንጫው እስኪነካ ይጠጋል።]

ጋሼ፦ ፍርፋሪ! ፍርፋሪ ብቻ! አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽኝ?

እታለም፦ አሮጌው ዲስክ ሲነሣ እህ እህ ብሎ፣ ከዚያ የሚስለውን ስሰማ አባባ ትዝ አለኝ። ጠዋት ከዚያች አልጋ ሲነሣ እንዲህ አልነበር? ስሙ ይገባዋል አልኩ። የራሴን ስም ደግሞ ፊልሙ ያለበት ላይ ለጠፍኩት። እናንተ በየሥራችሁ ስትሆኑ፣ በስተመጨረሻ እሱን ደግፌ የተቀመጥኩ እኔ አይደለሁም? እሱን የያዘው በስሜ ቢጠራ ምን አለበት ብዬ ነው።

ጋሼ፦ የተጻፈ ነገር አይነካም! ማንበብ አትችይም?

እታለም፦ አንብቤው አይደል የቀየርኩት?

[ጋሼ ባዶ ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ካርቶኑ አብሮት ይሰምጣል። አይነሣም።]

እታለም፦ ግልባጭ አልያዝክም እንዴ?

ጋሼ፦ ግልባጭ የሚያዘው ዲስኮቹ ተስተካክለው ሲያልቁ ነው!

እታለም፦ አማቻችንስ?

ጋሼ፦ “አንተ ዘንድ ያለውን አጥፋው” ያልኩት እኔው ነኝ። እዚህም እዚያም ሲሆን ይዘበራረቅብኛል ብዬ... አባባን በገዛ እጄ አጠፋሁት። “እርግጠኛ ነህ?” እያለኝ! አሁን ለእማማ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

[ከዘራው ይንኳኳል።]

እታለም፦ መጣሁ! ትፈልገኛለች።

ጋሼ፦ እንዳትነግሪያት! እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ትንሽ... ትንሽ ፊቴን ልታጠብና።

[እታለም በሩን ሳትዘጋ ትወጣለች። ጋሼ የተሰቀለውን ካፖርት ያያል፤ ዐይኑን ይሰብራል። ድንገት ከግድግዳው ወዲያ የሽማግሌ ድምፅ፦ “በሩን ዝጉት! የማንን ቤት ነው የምታበርዱት!” ጋሼ ሳያስበው ዘሎ በሩን ይዘጋል። ከዚያ የሠራውን ሲረዳ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይደርቃል።]

ጋሼ፦ እታለም! እታለም፣ ድረሺልኝ! አባባ...

እታለም፦ [በሩን ገፍታ ትገባለች] ምን ሆነሃል? እማማ እኮ ናት ቴሌቪዥኑን የከፈተችው። ይሄ የአባባ ሰዓት ነው፤ አንተ ዛሬ ከምሳ በፊት መጣህ እንጂ።

ጋሼ፦ በምን? ከየት አምጥታ?

እታለም፦ በፍላሽ ነዋ። አማቻችን ላንተ ሲሰጥህ ለእሷም በአንዲት ፍላሽ አድርጎ ሰጥቷታል። በመሃረቧ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ነው የምታሳድራት። ማየቱስ አሁን እምብዛም ነው፤ ትሰማዋለች። በሩን ዝጉት ሲል “እሺ እሺ” ትለዋለች።

ጋሼ፦ ከመቼ ጀምሮ?

እታለም፦ አንተ መሠረት ስትጥል።

ጋሼ፦ ታዲያ “አንዴ አሳዩኝ” እያለች...?

እታለም፦ አንተ ስትኖር ነው እንዲህ የምትለው።

ጋሼ፦ እና ይሄን ሁሉ ስለፋ ዝም ብላችሁ ታዩኛላችሁ?

እታለም፦ እሷ ናታ ያስማለችኝ። “ልጄ ድሮ በዓመት አንዴ ነበር የሚመጣው፤ የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ስሞኝ ይሄዳል። አሁን ከምሳ በኋላ ሁሌ ከግድግዳው ወዲያ ሲነጫነጭ እሰማዋለሁ። ይሄ ነገር ካለቀለት ምን ሊሠራ ይመጣል?” አለችኝ። ምን ልበላት?

[አሮጌው ዲስክ ያቃስታል።]

ጋሼ፦ ኬብሉስ?

እታለም፦ ትራሷ ሥር።

ጋሼ፦ ካቻቢቴው?

እታለም፦ ፍራሿ ሥር። እሱስ ጎኗን ሲወጋት ጊዜ ወደ ግርጌ አዛወርኩላት።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ እናንተን ሳስተምር! አራት ዲስክ ዘርግቼ፣ ሁለት አሮጊቶች በአንዲት ፍላሽ...

እታለም፦ አንዷ አሮጊት ናት። እኔ ታናሽህ ነኝ።

[ከዘራው ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። እታለም ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች።]

ጋሼ፦ ምን አለች? ሰምታለች?

እታለም፦ ሁሉን ሰምታለች። “የጠፋውን ከፍላሿ እሰጠዋለሁ፤ እንደ አዲስ ይጀምር” አለች። ደግሞ “እንዳይቸኩል” አለች።

[ጋሼ መነጽሩን ያወልቃል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፣ መልሶ ያደርጋል። ከደረት ኪሱ አዲስ ካቻቢቴ አውጥቶ ለእታለም ያቀብላታል።]

ጋሼ፦ እንቺ፣ ይሄንንም ውሰጂና ፍራሿ ሥር አድርጊላት።

እታለም፦ ኧረ ይወጋታል!

ጋሼ፦ በግርጌ በኩል አድርጊው። ነገ መጥቼ ስፈልገው እውላለሁ።